ከዓይን ወደ ሲቢሲ፦ ከባድ የደም በሽታን ቀድሞ ለመጠርጠር ዝርዝር መመሪያ

ደም ሲያንስ፣ ሲወፍር ወይም ሲበላሽ ቶሎ ከሚያሳብቁ ቦታዎች አንዱ ዓይን ነው። የዓይናችንን ነጭ ክፍልና የቆባችንን ውስጥ የለበጠው ሽፋን ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ያለ መሣሪያ ይታያሉ፤ የቆዳ ቀለም አይጋርዳቸውም። ፊት ላይ ለመለየት የሚያስቸግረው መገርጣት፣ ቆዳ ላይ የማይታወቀው ቢጫነት እዚህ ጋ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንያዝ። ዓይን የበሽታውን ስም አይነግርም። "ደምህን አስመርምር" ብቻ ነው የሚለው፤ ምርመራውም ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ነው። አንድ ምልክት ብቻውን ብዙ ጊዜ ምንም ላይሆን ይችላል። ሁለት ምልክት አብሮ ሲመጣ ግን አይታለፍም። የገረጣና ቢጫ የሆነ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ ድዱም የሚደማ፣ ገርጥቶ ትኩሳት አልለቅ ያለው ሰው ቤት ተቀምጦ መጠበቅ የለበትም። መመሪያው በሙሉ የሚዞረው በእነዚህ ጥምረቶች ላይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

በቀን ብርሃን እዩ። ቤት ደጃፍ ወይም መስኮት አጠገብ ጥሩ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ዓይን ላይ አታድርጉ። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ቢጫነት ይደበቃል። የሞባይል ባትሪ ደግሞ ሁሉን ነገር ያነጣዋል፤ ጤነኛውንም ገርጥቶ ያሳያችኋል።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ኩል ካለ ይጠረግ። የምታዩት ሰው ካለቀሰ፣ ምድጃ ላይ ጭስ ሲመታው ከቆየ ወይም አሁን ከእንቅልፉ ከተነሳ ትንሽ ጠብቁት። በዚያ ሰዓት ዓይን ቀልቶ ስለሚታይ ያሳስታል። ከተቻለ ጤነኛ የሆነ የቤተሰብ አባል አጠገቡ አስቀምጡና የሁለቱን ዓይን አነጻጽሩ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ከምንም በላይ የሚረዳው እሱ ነው። "ገርጥቷል ወይስ አልገረጣም?" የሚለው ጥያቄ የሚፈታው ሌላ ዓይን አጠገቡ ሲኖር ነው።

1ኛ፦ የታችኛውን ቆብ ውስጥ ማየት

ሰውየው ወደ ላይ ይመልከት። በአውራ ጣታችሁ የታችኛውን ቆብ ከሽፋሽፍቱ ሥር ይዛችሁ በቀስታ ወደ ታች ሳቡት። አሁን ውስጡ ተገለጠ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በጅምላ አይቶ "ቀይ ነው" ወይም "ነጭ ነው" ይላል። ከዚያ ቀረብ በሉ።

ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ከሽፋሽፍቱ ቀጥሎ፣ በቆቡ ጠርዝ በኩል ያለው ቀጭን መስመር ነው። ሁለተኛው ከእሱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ዓይን ኳሱ በኩል ያለው ሥጋማ ክፍል ነው። በጤነኛ ሰው የፊተኛው መስመር ደማቅ ቀይ ነው። የኋለኛው ፈዘዝ ያለ ነው። ልዩነታቸው በግልጽ ይታያል። ደም ሲያንስ የፊተኛው ቀይነት ይጠፋና ሁለቱም አንድ ዓይነት የፈዘዘ ቀለም ይይዛሉ። የምትፈልጉት ይህን ነው። የፊተኛው ጠርዝ እንዲህ ከፈዘዘ የደም ማነስ መኖሩ በጣም ያጠራጥራል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው በአገራችን በጣም የተለመደ ነው። ትራኮማ፣ የዓይን አለርጂ፣ የእንጨት ጭስ ቆቡን ስለሚያስቆጣው ደሙ ያነሰ ሰው እንኳ ውስጡ ቀይ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መዳፉንም እዩ። መዳፉን ዘርጋ አድርጎ ያሳያችሁ፤ ከራሳችሁ መዳፍ ጎን አድርጉት። በጤና ጣቢያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሲመረመሩ ባለሙያዎቹ የሚያዩት መዳፍን ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ ቀይ መሆኑ ነፃ አያወጣም። ቀለል ያለ የደም ማነስ ዓይን ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሰውየው ቶሎ የሚደክመው፣ ደረጃ ሲወጣ ልቡ የሚመታ፣ ራሱን የሚያዞረው ከሆነ ዓይኑ ቀይ ነው ብላችሁ አትተዉት።

የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ የሚለው ሄሞግሎቢን (በቀይ ሴል ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ለአዋቂ ወንድ ከ13፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 (በእርግዝናው መካከለኛ ሦስት ወራት ከ10.5) ግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ነው። ከፍታ ቦታ ለሚኖር ሰው ደግሞ መለኪያው ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች "ደሜ 12 ነው፣ ደህና ነኝ" ከማለታችሁ በፊት ሐኪሙ ይህን አስልቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ።

የደም ማነስ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሳይፈለግ መድኃኒት ብቻ መዋጥ ተገቢ አይደለም። አብዛኛው የብረት ማዕድን እጥረት ነው፤ ከወር አበባ ብዛት፣ ከእርግዝና፣ ከመንጠቆ ትል ይመጣል። ወንድ ሆኖ ወይም የወር አበባዋ የቆመች ሴት ሆና ደም ያነሰው ሰው ግን በሆድ በኩል ደም እየፈሰሰው እንደሆነ መታየት አለበት። ገርጥቶ ሳምንታት የቆየ ትኩሳት ያለው፣ ቆዳው ያለ ምክንያት የሚበልዝ ሰው ደግሞ የደም ካንሰር ወይም የመቅኔ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ለወቅት ሥራ ሁመራ ወይም መተማ ሄዶ የተመለሰ ጎልማሳ ገርጥቶ፣ ከስቶ፣ ሆዱ በግራ በኩል አብጦ ከመጣ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የተውሳክ በሽታ፣ መታሰብ አለበት። ካላዛር የመቅኔንና የጣፊያን ሥራ ስለሚያውክ ሦስቱንም የደም ሴል ዓይነቶች ያወርዳል። ይታከማል። የሚገድለው ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

2ኛ፦ ነጩን ክፍል ለቢጫነት ማየት

አሁን ሰውየው ወደ ታች ይመልከት። የላይኛውን ቆብ በቀስታ ከፍ አድርጉና የተጋለጠውን ነጭ እዩ። ይህ ክፍል ሁልጊዜ በቆብ ስለሚሸፈን ፀሐይና አቧራ አላበላሸውም። በብዙዎቻችን ዓይን ላይ፣ በተለይ በጥቁሩ ዙሪያና በሁለቱ ጎን፣ ቡናማ ወይም ቢጫ ቢጫ የሚል ጠቃጠቆ አለ። ያ የተፈጥሮ ቀለም ነው። እውነተኛው ቢጫነት ግን ወጥ ነው፤ ላይም ታችም እኩል ይዳረሳል። ቢሊሩቢን የሚባለው ቀለም በደም ውስጥ ወደ 3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ሲደርስ ዓይን ላይ መታየት ይጀምራል።

እኛ ቤት ዓይን ቢጫ ሲሆን "የወፍ በሽታ ነው" ይባላል። ወዲያው መድኃኒት ቀማሚ ፍለጋ ይኬዳል። ቢጫነት ሁሉ ግን ከጉበት አይመጣም። ቀይ የደም ሴሎች ከጊዜያቸው በፊት በብዛት ሲፈርሱም ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሁለቱን ለመጠርጠር ወደ 1ኛው ደረጃ ተመለሱ። ቆቡ ውስጥ ከገረጣና ነጩ ቢጫ ከሆነ የደም መፍረስን አስቡ። ሽንቱንም ጠይቁ፦ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሽንት በፍጥነት እየፈረሰ ያለ ደም ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው የሚሄደው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ዛሬውኑ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ወባ ነው። ሌላው ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት ነው። ይህ እጥረት ያለበት ሰው በሌላ ጊዜ ፍጹም ጤነኛ ነው። ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠውን ፕሪማኩዊን ሲወስድ ወይም ባቄላ፣ በተለይ እሸቱን፣ ሲበላ ግን ደሙ ሊፈርስ ይችላል። መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓይኑ ቢጫ ከሆነና ሽንቱ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ ያንኑ ቀን ወደ ሰጠው ተቋም ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ጥየቃ መጥታችሁ ቆላ የወረዳችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። እዚያ ያለ ሐኪም ኢትዮጵያ መሄዳችሁን ካልነገራችሁት ወባን ላያስብ ይችላል።

ከቫይታሚን እጥረት የሚመጣ ደም ማነስም ቀለል ያለ ቢጫነት ያመጣል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሲከፋ ፊት ገርጥቶ እንደ ሎሚ ቢጫ ቢጫ ይላል። እግር ይደነዝዛል፤ ምላስ ይለሰልሳል፤ በሁለቱም ዓይን ዕይታ ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ረጅም ጾም የሚጾሙ፣ በተለይ በፍስኩም ጊዜ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይነኩ አረጋውያን ቢያስመረምሩ መልካም ነው።

ሕፃናት የተለዩ ናቸው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከሁለተኛው ቀን በኋላ ትንሽ ቢጫ ቢል የተለመደ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ ግን አይደለም። የእናትና የልጅ ደም አለመጣጣም፣ ሾተላይ የምንለው፣ ቀዳሚው ስጋት ነው። ቢሊሩቢኑ በጣም ከወጣ አንጎል ይጎዳል። "ፀሐይ ይሙቅ" ተብሎ አይጠበቅም። የእናቲቱ የደም ዓይነት አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነና ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ለሚቀጥለው እርግዝና የሚከላከለው አንቲ-ዲ መርፌ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት።

3ኛ፦ የፈሰሰ ደም

ጠዋት መስታወት ስታዩ ከነጩ ዓይናችሁ አንዱ ጎን ደም ለብሶ ታገኙታላችሁ። ያስደነግጣል። አይቆጠቁጥም፣ ዕይታ አይቀንስም። ብዙውን ጊዜ ምንም አይደለም፤ ኃይለኛ ሳል፣ ማስመለስ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት ስስ የደም ሥር በጥሶ ነው። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ቀለሙን እየቀያየረ ይጠፋል። የደም ግፊታችሁን ግን ተለኩ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነ የክትትል ምርመራችሁን አታሳድሩ።

ነገሩ የሚቀየረው ሲደጋገም፣ በሁለቱም ዓይን ሲመጣ ወይም ሰውነት ላይ ጓደኛ ሲኖረው ነው። ድዱን እዩ። ጥርስ ሲቦረሽ ይደማል? ነስር ያስቸግረዋል? ቅልጥሙ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀያይ ነጥቦች አሉ? ነጥቦቹን ግልጽ በሆነ ብርጭቆ ጫን አድርጉ። ተጭነው ካልጠፉ ከደም ሥር የወጣ ደም ነው። ይህ ሲሆን ፕላትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሴል፣ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ጤናማው ከ150,000 እስከ 450,000 በማይክሮሊትር ነው። ሲወርድ ምክንያቱ ከመድኃኒት እስከ ደም ካንሰር ይደርሳል። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይወሰድ፤ የጡንቻ መርፌም ሐኪም ሳያውቅ አይወጋ።

ማጭድ ሴል ወይም ሲክል ሴል በሽታ (ቀይ ሴሎች እንደ ማጭድ የሚታጠፉበት የዘር በሽታ) ያለበት፣ ተሸካሚም ቢሆን፣ ዓይኑን ተመትቶ በጥቁሩ ፊት ለፊት ደም ከተጠራቀመ ጊዜ አይሰጥም። የታጠፉት ሴሎች መውጫውን ዘግተው የዓይን ግፊት በፍጥነት ይጨምራሉ። ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው ሲክል ሴል እንዳለበት ነው።

4ኛ፦ ራቅ ብላችሁ ፊቱን እዩ

አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ በሉ። አንዱ ዓይን ወደ ፊት ገፍቷል? በተለይ ልጅ ላይ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የመጣ መገፋት አስቸኳይ ነው። ኤኤምኤል የሚባለው አጣዳፊ የደም ካንሰር ከዓይን ጀርባ እባጭ ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንዴም የደም ምርመራው ገና ሳይበላሽ በፊት። ሌሎች የሕፃናት ካንሰሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። "ዓይነ ጥላ ነው" ወይም "ወድቆ ነው" ተብሎ አንድ ሳምንት እንኳ አይጠበቅ።

ያልተመታ ሰው የዓይኑ ዙሪያ ከበለዘ እሱም ይመርመር። በልጅ ኒውሮብላስቶማ የሚባለው የነርቭ ካንሰር፣ በትልቅ ሰው ደግሞ አሚሎይዶሲስ (የተበላሸ ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ የሚከማችበት በሽታ) እንዲህ ሊገለጥ ይችላል። ከቆብ ሥር ሮዝ ቀለም ያለው፣ የማያምም፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ሥጋ ካያችሁ ሊምፎማ የሚባለው የነጭ ሴል ካንሰር ሊሆን ስለሚችል የዓይን ሐኪም ይየው።

ነጩ ሰማያዊ ሰማያዊ የሚልበት ሁኔታም አለ። ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛል፤ ግን ጤነኛ ሕፃናትም ስላላቸው ብዙ አልመካበትም።

5ኛ፦ ስለ ዕይታው ጠይቁ

"ዓይንህ ደህና ነው?" አትበሉ፤ "ደህና ነው" ይላችኋል። አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ያንብብ። ከዚያ ሌላውን። ሰው ባንዱ ዓይኑ ደህና እያየ የሌላውን መድከም ለወራት ሳያውቅ ይኖራል። ለጥቂት ደቂቃ አንድ ዓይኑ እንደ መጋረጃ ጨልሞ ተመልሷል? ጥላ ወይም ጥቁር ነጥብ ይንሳፈፍበታል? ጭጋግ ይመስለዋል? ከራስ ምታትና ከጆሮ ጩኸት ጋር ከሆነ ደሙ ወፍሮ ሊሆን ይችላል። ቀይ ሴል ከመጠን በላይ ሲበዛ፣ ነጭ ሴል ከ100,000 ሲያልፍ፣ እንደ ማይሎማ (የመቅኔ ካንሰር) ባሉ በሽታዎች ፕሮቲን በደም ውስጥ ሲከማች ደም በዓይን ጀርባ ባሉ ቀጫጭን ሥሮች ማለፍ ያቅተዋል። ዓይን ሲደናገዝ አንጎልም ያው አደጋ ላይ ነው።

6ኛ፦ የት መሄድ፣ ምን መጠየቅ

ዛሬ፣ ሌሊትም ቢሆን፦ ድንገተኛ የዕይታ መጥፋት፣ መገርጣት ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ ቢጫነት ከጠቆረ ሽንት ወይም ከትኩሳት ጋር፣ ከበርካታ ቦታ መድማት፣ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ ሕፃን። ወደ ፊት የገፋ ዓይንም ሳይዘገይ ሆስፒታል ይድረስ። ሌላው በዚህ ሳምንት ውስጥ ይታይ።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ያያችሁትን በቅደም ተከተል ተናገሩ፦ "ከሁለት ሳምንት ጀምሮ ገርጥቷል፣ ከትናንት ጀምሮ ድዱ ይደማል" በሉ። ሲቢሲ ይታዘዝ። በርካሽ የሚሠራ ምርመራ ነው፤ ብዙ ቦታ ይገኛል። ወረቀቱ ሲመጣ ሦስት መስመር እዩ፦ ነጭ ሴል፣ ሄሞግሎቢን፣ ፕላትሌት። አንዱ ብቻ ሲወርድ አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ከወረዱ፣ ወይም ነጭ ሴሉ በጣም ከወጣ፣ ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ ጠይቁ። ይህ ደሙን ስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ማሽኑ ቁጥር ይሰጣል፤ ያልበሰሉ የካንሰር ሴሎችን፣ የወባ ተውሳክን፣ የታጠፈ ሴልን አይቶ የሚለየው ግን የሰው ዓይን ነው። ቢጫነት ካለ ቢሊሩቢንና ሬቲኩሎሳይት (አዲስ የተሠሩ ቀይ ሴሎች ቆጠራ) ይጨመር። ከዚያ አልፎ የመቅኔ ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለዚህ ጥቁር አንበሳን የመሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የደም በሽታ ክፍል አላቸው።

ዕይታ ላይ ለውጥ ካለ ብሌን በሚያሰፋ ጠብታ የዓይን ጀርባ ይታይ። አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው። ኦፍታልሞስኮፕን፣ የዓይን ጀርባ ማያ መሣሪያውን፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ሄልምሆልትዝ ካስተዋወቀው ወዲህ ሐኪሞች በሕይወት ያለ ሰው የደም ሥር ሳይቆርጡ ማየት ችለዋል። በ1872 ሞሪትዝ ሮት በሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ የሚታይ ደም መፍሰስን ገለጸ፤ መሃሉ ነጭ የሆነው ዓይነት ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይህ በደም ካንሰር፣ በከባድ የደም ማነስና በልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ይታያል። በደም ማነስ ሬቲና መድማት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ሄሞግሎቢን ከ8 ሲወርድ፣ በተለይም ፕላትሌት ከ50,000 በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ የዓይን ሐኪሙ "ሲቢሲ አሠሩ" ብሎ ቢልካችሁ "ለዓይን መጥቼ ደም?" አትበሉ።

ውጤቱ የደም ካንሰር ቢሆን እንኳ አንዱ ከአንዱ ይለያል። ሲኤምኤል የሚባለው ዓይነት ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2001 ከጸደቀ በኋላ ብዙ ሰው በየቀኑ እንክብል እየዋጠ ለዓመታት ሥራውን የሚሠራበት በሽታ ሆኗል።

7ኛ፦ ከውጤቱ በኋላ

የብረት እጥረት ከሆነ እንክብሉን ከቡናና ከሻይ አርቁት፤ ሁለቱም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉ። ቡናው ከምግብም ቢሆን አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይሻላል። ሎሚ ወይም ብርቱካን ይረዳል። ሰገራ ይጠቁራል፤ አትደንግጡ። ሄሞግሎቢኑ በ4 ሳምንት ውስጥ ቢያንስ በ1 ግራም መጨመር አለበት። ከተስተካከለ በኋላም 3 ወር ያህል መቀጠል ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ድካሙ እንደለቀቀው ያቋርጣል።

በወሩ ሲቢሲ ድገሙ። ቁጥሩ ካልጨመረ ሌላ ፓኮ እንክብል ገዝታችሁ አትግቡ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከአዲሱ ጋር ይዛችሁ ያው ሐኪም ጋ ተመለሱና ደሙ የት እየሄደ እንደሆነ እንዲፈለግ ጠይቁ።